ማኅደሩን የሚከፍት እጅ

ማኅደር የሚለው ቃል «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን ስሙን የብራና መጽሐፍ ለሚያድርበት የቆዳ መያዣ ሰጡት። የዘመናችን ተርጓሚዎችም ኮምፒውተር ሐሳቡን ለሚይዝበት ክፍል ስም ባስፈለጋቸው ጊዜ «ማኅደረ ትውስታ» አሉት። ስሙ ተወረሰ እንጂ ዕጣቸው ግን ተለያየ። የብራናው ጥራዝ ሲላላ ክሩ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ቅጠል ሲጎድለውም ይጨመርለታል። በብዙ የዛሬ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ማኅደረ ትውስታ ግን ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ የሚሸጥ ስለሆነ ባለቤቱ ሊጨምርበትም ሊለውጠውም አይችልም። ነገሩ ወደዚህ እንዴት ደረሰ? ታሪኩ አጭር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሁለቱን ማኅደሮች መለየት ይገባል። ራም የምንለው በአንባቢ ፊት እንደ ቆመ አትሮንስ ነው፤ አሁን የሚነበበው ብቻ ይዘረጋበታል፣ ኃይል ሲቋረጥም ባዶ ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ደግሞ እንደ ዕቃ ቤት ነው፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ የተቀመጠበትን ይጠብቃል። አትሮንሱ ሲጠብ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ዕቃ ቤቱ ሲሞላ ሥራው ይቆማል።

የመጀመሪያው የዲስክ ዕቃ ቤት በ1956 አይቢኤም ራማክ ከተባለው ማሽን ጋር ያቀረበው ነበር። ሃምሳ ሰፋፊ ዲስኮችን ደራርቦ የሚያሽከረክር፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ግዙፍ ዕቃ ሲሆን፣ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። ድርጅቶች የሚከራዩት እንጂ ሰው በቤቱ የሚያኖረው አልነበረም፤ ስለዚህ «ልክፈተው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለቤትም አልነበረውም።

ጥያቄው የተወለደው ኮምፒውተር የግል ንብረት ሲሆን ነው። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ተበታትኖ በካርቶን የሚመጣ፣ ገዥው ራሱ እየበየደ የሚገጣጥመው ማሽን ነበር። አብሮት የሚመጣው ማኅደር 256 ባይት ብቻ ነው፤ ይህች አንቀጽ እንኳ አትገባበትም። ቢል ጌትስና ፖል አለን የጻፉለትን ቤዚክ ለማስኬድ ቢያንስ አራት ኪሎ ባይት ያስፈልግ ስለነበር፣ ባለቤቱ ተጨማሪ ሰሌዳ ገዝቶ መሰካት ነበረበት። እንግዲህ ማኅደርን በገዛ እጅ ማስፋት የግል ኮምፒውተር እኩያ እንጂ በኋላ የመጣ ልማድ አይደለም።

ከዚያ ማኪንቶሽ መጣ። በ1984 የወጣው ይህ የአፕል ማሽን 128 ኪሎ ባይት ራም ነበረው፤ በውስጡም ተጨማሪ ሰሌዳ የሚሰካበት ቦታ አልተተወለትም። ስቲቭ ጆብስ ማሽኑ እንደ ቤት ዕቃ የተዘጋና የተጠናቀቀ እንዲሆን ይሻ ነበር። ሰሌዳውን የነደፈው በረል ስሚዝ ግን 128 ኪሎ ባይት በቅርቡ እንደሚያንስ ገብቶት፣ አሥራ ስድስቱ ቺፖች አራት እጥፍ በሚይዙ ቺፖች ሊተኩ የሚችሉበትን መንገድ በሰሌዳው ላይ አኖረ። በጥር 1985 ዶክተር ዶብስ ጆርናል የተሰኘው መጽሔት የመተካቱን ሥራ ለአንባቢዎቹ አሳተመ፤ ደፋሮችም ብየዳውን አንሥተው ማሽናቸውን ወደ 512 ኪሎ ባይት አሳደጉ። የሚደንቀው ሌላ ነው፤ ማኪንቶሽን የከፈተ ሰው በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ የሠሪዎቹን ፊርማ ያገኝ ነበር። እንዳይከፈት በተሠራ ዕቃ ውስጥ ስም መጻፍ፣ የሚከፍተው አንድ ሰው እንደሚመጣ ማመን አይመስልምን?

ላፕቶፕ ሲስፋፋ ያ እምነት ለጊዜው ተቀባይነት አገኘ። ከ1990ዎቹ ወዲህ አጭሩ የራም ዓይነት፣ ሶዲም የሚባለው፣ ለብዙ አምራቾች የጋራ መለኪያ ሆነ፤ በላፕቶፑ ሆድ ላይም ትንሽ ክዳን ተበጀለት። በ2006 የወጣው ማክቡክ እንኳ ባትሪው ሲነሣ ራሙንም ሃርድ ዲስኩንም ያሳይ ነበር፤ የአጠቃቀም መመሪያውም አተካኩን ያስተምር ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ሰነዱ አስቀድሞ በሌላ ቦታ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ ባትሪውም ይለያል። እጅ ብረት ነክቶ በገላ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ያራግፋል። በካቻቪቴ ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ አዲሱ ራም ዘንበል ብሎ ይገባና ሁለቱ መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ወደ ታች ይጫናል። ዲዲአር 4 በዲዲአር 5 ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ የተሠራው ይህንኑ ለመከልከል ነውና እምቢ ያለውን በግድ መግፋት አይገባም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ የተካ ሰው፣ ሊጣል የተቃረበ ማሽን እንደገና ነፍስ ሲዘራ አይቷል። አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ተማሪ ይህ የዓመታት ዕድሜ ነው።

ክዳኑ እንደገና መዘጋት የጀመረው በቀጭንነት ስም ነው። በ2008 ማክቡክ ኤር ራሙን በይዶ መጣ፤ በ2012 ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ተከተለ፤ ሌሎች አምራቾችም ያንኑ ፈለግ ያዙ። ምክንያታቸው ሁሉ ሰበብ አይደለም፤ ኃይል ቆጣቢው የራም ዓይነት ከአንጎሉ ቺፕ እጅግ መቅረብ ይፈልጋል፣ መበየዱም ማሽኑን ያሳሳዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገዥው ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገውን ማኅደር በገዛበት ዕለት መተንበይ አለበት፤ ትንቢቱ ቢስት ማሽኑን በሙሉ ይለውጣል።

የማይታለፍ የመሰለው አጥርም ቢሆን ሰው የሠራው ነበር። በ2021 ፍሬምዎርክ የተባለ ኩባንያ ባለቤቱ ራሱ የሚፈታው ቀጭን ላፕቶፕ ለገበያ አቀረበ። በ2023 መጨረሻ ካም 2 የሚባል መለኪያ ጸደቀ፤ ኃይል ቆጣቢው ራም ሳይበየድ በብሎን እንዲታሰር የሚፈቅድ ነው። ይሁን እንጂ በ2025 መገባደጃ ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ገዥ ራምና ኤስኤስዲ የሚሸጥበትን ንግድ እንደሚተው አስታወቀ፤ ቺፑን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ይሻሙበታልና። ክዳኑ ቢከፈትም የሚገባበት ዕቃ ከገበያ ሊርቅ ይችላል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። በተበየደ ማኅደር ዘመን ግን ስለ ዕቃው የሚያውቀውም የሚወስነውም ሠሪው ብቻ ሆኖ፣ ባለቤቱ በገዛ ንብረቱ ላይ እንግዳ ይሆናል። ግጥማችንን፣ ደብዳቤያችንን፣ የሞቱብንን ሰዎች ፎቶግራፍ የምናሳድርበት ዕቃ ነውና ነገሩ የብሎን ብቻ አይደለም። በረል ስሚዝ በሰሌዳው ላይ ያኖረው መንገድ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበር፤ ለባለቤቱ እጅ ግን በቂ ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ስንመርጥ ከዋጋው አስቀድመን ክዳኑ ይከፈት እንደሆነ፣ ራሙም የተሰካ ይሁን የተበየደ ብንጠይቅ፣ ያንን መንገድ ክፍት የምናቆየው እኛ ነን።