መልክን ወዲያው ስለምትሰጠው ካሜራ

ፍሬድሪክ ዩልዮስ ቢበር የተባለው ኦስትሪያዊ መንገደኛ በ1905 ዓመት (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ከፋ ወረደ፤ የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ 8 ዓመት ሆኖ ነበረ። በ1909ም ተመልሶ መጣ፤ ስለ ሕዝቡ የጻፈው መጽሐፍ ከነፎቶግራፉ በጀርመን ቋንቋ በሁለት ክፍል በ1920ና በ1923 ታተመ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው መልኩን በዚያው ሰዓት ሊያይ አይችልም ነበረ፤ በጨለማ ቤት በመድኃኒት ታጥቦ በወረቀት እስኪታተም ድረስ ሥዕሉ ስውር ነውና። መንገደኛው ሲሄድ የሰውየው መልክ አብሮት ይሄዳል።

ይህን መዘግየት ያስቀረው የፖላሮይድ ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው። በ1943 የ3 ዓመት ሴት ልጁ፣ የተነሣችውን ሥዕል ወዲያው ለምን እንደማታይ ብትጠይቀው ነገሩን ያስብ ጀመረ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1947 ፈጠራውን በኒውዮርክ ለሊቃውንት አሳየ፤ ካሜራዪቱም በኖቬምበር 26 ቀን 1948 በቦስተን ከተማ ለገበያ ወጣች።

አሠራርዋ እንዲህ ነው። ብርሃን የተቀበለው ወረቀትና ሥዕሉን የሚቀበለው ወረቀት ተጋጥመው በሁለት መዳመጫ መካከል ሲሳቡ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገው ወፍራም መድኃኒት ፈንድቶ በመካከላቸው ይለቀለቃል። ብርሃን የነካው የብር ማዕድን በስፍራው ጠቁሮ ይቀራል፤ ብርሃን ያልነካው ግን ሟሙቶ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይሻገርና መልኩን ይሥላል። ከ60 ሴኮንድ በኋላ ወረቀቶቹ ይላቀቃሉ። ባለቀለሙ በ1963 ወጣ፤ ወረቀት መላቀቅ ሳያሻው በብርሃን ፊት የሚገለጠው ኤስ ኤክስ 70 ደግሞ በ1972።

እንግዲህ ባለ መልኩ መልኩን በእጁ ያዘ፤ ሆኖም ይህ ትርፍ ያለ ኪሣራ አልመጣም። የቀድሞው ነጋቲቭ እንደ እናት መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ቅጂ ይገለበጥበታል። የፖላሮይድ ሥዕል ግን አብዛኛውን ጊዜ እናት የለውም፤ አንዱ ከጠፋ ጠፋ። ኩባንያው ራሱ በ2001 ከሰረ፤ ፊልም መሥራቱም በ2008 ቆመ። ሌሎች ሰዎች በሆላንድ የነበረውን ፋብሪካ ይዘው ከ2010 ጀምሮ ፊልሙን እንደገና ለገበያ አወጡ፤ የጠፋውን ሥዕል ግን የሚመልስ የለም።

የቢበር ሥዕሎች ከከፋ ርቀው በመጽሐፍ ስለ ተባዙ እስከ ዛሬ ቈዩ። በቦንጋ በየቤቱ ሣጥን ያለ ብቸኛ ፎቶግራፍ ግን፣ በፖላሮይድም ይነሣ በሌላ፣ የዚህ አገር ዝናብና እርጥበት ያበላሸዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይዘገይ ያስገልብጠው፤ የሰዎቹንም ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጠይቆ ይጻፍ። ስሙ ያልተጻፈ መልክ ለልጅ ልጅ የማይታወቅ እንግዳ ነውና።