«ስፖይለር»፦ የአንድ ቃልና የአንድ ዕቃ ታሪክ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቴክኒክ ቃል ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የዕቃውን መልክ አይቶ ሥራውን ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። የተሽከርካሪ ክፍሎችን ስያሜ ስንሰበስብ «ስፖይለር» በሚለው ካርድ ላይ በመጀመሪያ ያሰፈርነው ፍች፥ «ለጌጥ ሲባል በአውቶሞቢል የኋላ ክፍል ላይ የሚገጠም ክንፍ» የሚል ነበር። ፍቹ አጭርና ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ስሕተቶችን ይዟል። ዕቃው በመነሻው ጌጥ አልነበረም፤ ክንፍም አይደለም። ስለሆነም ካርዱን ለማረም የቃሉንና የዕቃውን ታሪክ ጎን ለጎን መመርመር ግድ ሆኖብናል።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። «ስፖይለር» ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እስከ ላቲን «ስፖሊያሬ» ይደርሳል። የላቲኑ ቃል የወደቀን ጠላት ትጥቅና ልብስ መግፈፍ ማለት ነበር። «ማበላሸት» የሚለው ትርጉም በኋላ የተከተለ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፕላን መሐንዲሶች ቃሉን ወስደው፥ በክንፍ የላይኛው ገጽ ላይ ብድግ እያለ የአየሩን ፍሰት ለሚሰብር ሳንቃ ስም አደረጉት። ሳንቃው ክንፉን አውሮፕላኑን የሚያነሣበትን ኃይል ይገፈዋል። እንግዲህ የሚበላሸው አንሺው ኃይል እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ቃሉ ወደ አውቶሞቢል የተሻገረው ይህንኑ ትርጉም ይዞ ነው።

ከዚህ ላይ፥ «በምድር የሚሄድ መኪና አንሺ ኃይል ከየት ያገኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከመኪናው ቅርጽ ይገኛል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ፓውል ያራይና ቩኒባልድ ካም የመሳሰሉ መሐንዲሶች በጀርመን አገር ሲመራመሩ ዋናው ጭንቀታቸው መኪናን ወደ ኋላ የሚጎትተውን የአየር ኃይል መቀነስ ነበር። ያራይ እንደ እንባ ዘለላ የተለበጠ ቅርጽን ሲያራምድ፥ ካም ደግሞ ረጅሙ ጅራት በድንገት ቢቆረጥም ጎታቹ ኃይል ብዙ እንደማይጨምር አሳየ። ይሁን እንጂ ጣራው ጎበጥ ብሎ ወደ ኋላ በለሰለሰ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ከጎን ሲታይ የአውሮፕላን ክንፍን ይመስላል። አየሩ በጎባጣው ገጽ ላይ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የመኪናውም ጀርባ ወደ ላይ ይሳባል። ይህ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ነው። ይህም ማለት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረ መኪና 180 ሲደርስ ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። መኪኖች ቀርፋፋ በነበሩበት ዘመን ነገሩ ብዙም አላሳሰበም። ፍጥነቱ 200 ኪሎ ሜትርን ሲያልፍ ግን የኋላ ጎማዎች ከመንገዱ ላይ ያላቸው ጫና ይሳሳል፤ በዚህ ጊዜ ሾፌሩ በመታጠፊያ ላይ መሪውን ቢያዞር ጀርባው ሊያፈተልክ ይችላል።

መፍትሔው በውድድር መኪና ላይ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ታየ። አሜሪካዊው ነጂ ሪቺ ጊንተር የፌራሪን 246 ኤስ ፒ ሲፈትሽ፥ በጅራቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዝቅተኛ የብረት ሳንቃ ተገጠመ። በመንገድ መኪና በኩል ደግሞ ስመ ጥር የሆነው በ1972 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ትርኢት የቀረበው የፖርሼ 911 ካሬራ አር ኤስ 2.7 ነው። የ911 ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፥ ጣራውም እስከ ጅራቱ ድረስ በለስላሳ ቁልቁለት የሚወርድ በመሆኑ፥ ከላይ የተነገረው ችግር በግልጽ ይታይበት ነበር። መሐንዲሶቹ በሞተሩ ክዳን ላይ ሽቅብ የተቀለበሰ ጠርዝ ሠሩለት። ጠርዙ ከፊቱ ባለው ገጽ ላይ የአየሩን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ፍሰቱም ከመኪናው በተወሰነ ቦታ ላይ እንዲላቀቅ ያስገድዳል። የሚያስገርመው አንሺው ኃይል በመቀነሱ ብቻ ሳይወሰን፥ የመኪናው ከፍተኛ ፍጥነት በ4.5 ኪሎ ሜትር ያህል መጨመሩ ነው። ፋብሪካው ለመሥራት ያቀደው 500 መኪና ሲሆን የተሠራው 1580 ደረሰ።

እዚህ ላይ ከክንፍ ጋር ያለው ልዩነት ሊጤን ይገባል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አሜሪካዊው ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና ከጀርባው ከፍ ብሎ በሁለት ምሰሶ ላይ የቆመ ነገር ነበረው። አየሩ ከላዩም ከታቹም ስለሚያልፍ ይህ እውነተኛ ክንፍ ነው፤ ልዩነቱ፥ ሥራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ማንሣት ሳይሆን ወደ ታች መጫን መሆኑ ብቻ ነው። ስፖይለር ግን ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ጠርዝ ሆኖ ተቀዳሚ ሥራው አንሺውን ኃይል መግፈፍ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን እንዴት እንደ ሰየሙት ማየት ይጠቅማል። ጀርመኖች የፖርሼውን ጠርዝ «ቡርትሰል» አሉት፤ የወፍ ቂጥ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ቤኬ» ይሉታል፤ ይኸው ቃል በማተሚያ ቤት በጽሑፍ ላይ የሚለጠፍ የማሟያ ቁራጭ ወረቀት ስምም ነው። ጣሊያኖች ደግሞ «አላ» (ክንፍ) ከሚለው ቃላቸው የወጣውን «አሌቶኔ» ይጠቀማሉ። እነዚህ ሁሉ መልክን የሚሥሉ ስሞች ናቸው፤ ሥራን የሚናገረው የእንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ስም ከሥራው ሲለይና ዕቃው እንደ ጌጥ ሲቆጠር የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው አውዲ ቲ ቲ ጅራቱ ድቡልቡል፥ ስፖይለርም የሌለው ነበር፤ መልኩም ብዙ ተደነቀለት። ነገር ግን በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎች ከደረሱ በኋላ፥ ፋብሪካው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ የስፕሪንግና የአሞርዛተር ሥርዓታቸውን አሻሻለ፤ የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያና ትንሽ የኋላ ስፖይለርም ጨመረላቸው። በአንጻሩ በከተማ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አሮጌ መኪና ያለ ጥናት የሚገጠም ረጅም ስፖይለር የሚያስገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በፈጣን መንገድም የኋላውን ብቻ ተጭኖ የፊት ጎማዎችን ሊያቀል፥ ነዳጅም ሊያስፈጅ ይችላል።

በአማርኛ ስያሜው ምን ይሁን? «አበላሺ» ቢባል ያስቃል። «ገፋፊ» ለላቲኑ ሥር እጅግ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ሰሚው ቀማኛን እንጂ ዕቃን አያስብም። «የኋላ ክንፍ» ደግሞ እንዳየነው የሌላ ዕቃ ስም ነው። በበኩላችን «ፍሬን» እና «ሞተር» እንደ ተለመዱ ሁሉ «ስፖይለር»ም ባለበት እንዲቆይ፥ ትክክለኛነቱ ግን በፍቹ እንዲጠበቅ እንመርጣለን። አሮጌውን ካርድ ሰርዘን በምትኩ የጻፍነው የሚከተለው ነው፦ «ስፖይለር፦ በተሽከርካሪ አካል ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የአየሩን ፍሰት በመስበር፥ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ተሽከርካሪውን ከመንገዱ የሚያነሣውን ኃይል የሚቀንስ ክፍል። ከክንፍ ይለያል።»