መስመሩ የት ያልቃል?

ባለፈው ዓመት የታመመ ጓደኛችንን ለማሳከም መዋጮ ስንሰበስብ ስሞቹን የያዝነው በተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። አንድ ሰው በአንድ መስመር፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ የገንዘቡ መጠን፣ መጨረሻ ላይ «ተከፍሏል» ወይም «ቀሪ»። ሦስት ሆነን በሦስት ኮምፒውተር ሞላነውና በኋላ አንድ ላይ ቀጣጠልነው። ከዚያም የፍለጋ ፕሮግራሙን «መጨረሻው ‹ተከፍሏል› የሚል መስመር ሁሉ አውጣልን» አልነው። አወጣልን። እኛም ያላወጣቸውን ሰዎች እንዳልከፈሉ ቆጥረን፣ «ቃል የገባችሁትን እንዳትረሱ» የሚል መልእክት ላክንላቸው።

በማግስቱ የሰፈራችን እናት ደወሉ። «እናንተ ልጆች፣ እኔ እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የሰጠኋችሁ። ረሳችሁት እንዴ?» አሉን። ፋይሉን ከፍተን አየነው። በስማቸው ትይዩ «ተከፍሏል» ይላል። ዓይናችን አለ ይላል፤ ፕሮግራሙ የለም ይላል። እሳቸው ብቻም አልነበሩም። በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ የተመዘገቡት ከፋዮች በሙሉ «የሉም» ተብለዋል።

ጥፋተኛው የማይታይ ምልክት ሆኖ ተገኘ። እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ስንከታተል፣ ታሪኩ ከመቶ ዓመት በፊት ድረስ ወሰደን።

ነገሩ የሚጀምረው ከጽሕፈት መኪና ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ቆሞ ያየ ሰው ያስታውሳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ቅጭል ትላለች፤ ጸሐፊው ዘንጉን በግራ እጁ ገፋ ያደርጋል። በዚያች አንድ ግፊት ሁለት ሥራ ይሠራል። ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል፤ ወረቀቱን የተሸከመው ክፍልም ወደ መነሻው ይመለሳል። ለሰው እጅ አንድ እንቅስቃሴ ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት ነው።

ጽሑፍ በሽቦ መላክ ሲጀመር ይህን ሥራ የሚሠራ እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1901 የኒውዚላንድ ተወላጁ ዶናልድ መሬይ ባዘጋጀው የቴሌግራፍ ኮድ ውስጥ ለማሽኑ የሚሰጡ ትእዛዞች እንደ ፊደል ተቆጥረው ቦታ አገኙ፤ አንዱ «ወደ መነሻ ተመለስ»፣ ሌላው «ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ»። ኮምፒውተር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ የተባለው የፊደል ሰንጠረዥ ሲወጣም ሁለቱ ተለያይተው ገቡ። «ተመለስ» ቁጥር 13 ሆነ፤ «ግፋ» ቁጥር 10። ከዚህ በኋላ በቁጥራቸው እንጥራቸው።

በዚያው ዓመት ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተባለው ማተሚያ ወጣ። በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል። የሚያትመው ራስ ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ለመመለስ ግን ከአንድ ፊደል የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀድሞ 13 ይላካል፤ ራሱ ገና በመንገድ ላይ እያለ 10 ይከተላል። ይህን ጊዜ ያልሰጡት እንደሆነ ቀጣዩ ፊደል መሀል ላይ ይታተማል። እንግዲህ የ13 እና የ10 ቅደም ተከተል የተወለደው ብረት ለመሮጥ ከሚፈልገው ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ተለያየ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የመልቲክስ ፕሮጀክት ሰዎች ማተሚያው የሚፈልገውን ነገር ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮግራም ይጨምርለት፣ በፋይል ውስጥ ግን የመስመር መጨረሻ 10 ብቻ ይሁን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ የተጀመረው ዩኒክስም ይህን ወረሰ፤ ከእሱም በኋላ ሊኑክስ። በሌላ በኩል ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው ሲፒኤም ሁለቱንም፣ 13 እና 10ን፣ በፋይል ውስጥ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 የመጣው ዶስ ከሲፒኤም ወሰደ፤ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ መረጠ፤ 13 ብቻ። አፕል ይህን የተወው እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኒክስ ላይ የተመሠረተውን ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲያወጣ ነው። ማንም ሌላውን ለማስቸገር ብሎ አልመረጠም። ሁሉም በጊዜው ምክንያት ነበረው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የምንለው የፍለጋ ቋንቋ አባቱ የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሌኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጻፈው ጥናት ላይ የነርቭ መረቦች ምን ዓይነት ምልክቶችን ሊለዩ እንደሚችሉ ሲመረምር ነበር ሐሳቡን ያመጣው። በክሌኒ ሒሳብ ውስጥ የምልክቶች ሰልፍ አለ፤ መስመር የሚባል ነገር ግን የለም። መጨረሻ ካለም የሰልፉ መጨረሻ ነው።

መስመርን ያመጡት የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች ናቸው። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1968 የክሌኒን ሐሳብ ኮምፒውተር እንዴት በፍጥነት ሊፈልግበት እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ቀጥሎ ለዩኒክስ ኢዲ የተባለውን ማረሚያ ሲጽፍ ፍለጋውን አስገባበት። ኢዲ ጽሑፍን በመስመር በመስመር የሚይዝ ነውና፣ ሁለት ልዩ ምልክቶች አስፈለጉ፤ ቆብ የምትመስለው ምልክት «የመስመር መጀመሪያ» ማለት ሆነች፣ የዶላር ምልክት ደግሞ «የመስመር መጨረሻ»።

ብራያን ከርኒሃን እንደሚተርከው፣ ሊ ማክማሆን የተባለው ባልደረባቸው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ እ.ኤ.አ. በ1787 እና በ1788 የተጻፉትን 85 የፌዴራሊስት መጣጥፎች እየመረመረ ነበር። የአንዳንዶቹ ደራሲ ማን እንደሆነ ያከራክራል። ማክማሆን በቃላቱ አጠቃቀም ደራሲውን መለየት ፈለገ፤ ጽሑፉ ግን በኢዲ ለመክፈት ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ በለጠ። ቶምፕሰን የፍለጋውን ክፍል ከኢዲ ነጥሎ አውጥቶ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረገው። ፋይሉን በሙሉ አይጭንም፤ መስመር ያነባል፣ ይፈትሻል፣ ካገኘ ያትማል፣ ይቀጥላል። ግሬፕ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በዩኒክስ አራተኛው እትም ውስጥ ወጣ። ስሙ ራሱ በኢዲ ውስጥ «በፋይሉ ሁሉ ፈልገህ ያገኘኸውን መስመር አትም» የሚል ትእዛዝ ምህጻር ነው።

የግሬፕ ብልሃት መስመር በመስመር መሄዱ ነው። ችግሩም እዚያው ነው። ለግሬፕ መስመር ማለት እስከ 10 ድረስ ያለው ነው። 10ን ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይመረምራል። የእኛ ፋይል ግን በአንደኛው ኮምፒውተር፣ በዊንዶውስ ላይ፣ የተጻፈ ክፍል ነበረው። ከ10 በፊት 13 አለች። ግሬፕ 10ን ቆረጠ፤ 13 ቀረች። «‹ተከፍሏል› ብሎ ያለቀ» ስንለው ከላሚቱ በኋላ 13 ተቀምጣለች። እንግዲህ መስመሩ በ«ተከፍሏል» አላለቀም! ፕሮግራሙ አልዋሸም። የጠየቅነውን በትክክል መለሰ። በድሮው ማኪንቶሽ የተጻፈ ፋይል ቢሆን ኖሮ ይባስ ነበር፤ 10 የሚባል ስለሌለ ፋይሉ በሙሉ አንድ መስመር ይሆንና ወይ ሁሉንም ያትማል ወይ ምንም አያትምም።

ታዲያ ፕሮግራሙ ለምን 13ን ዝም ብሎ አይጥላትም? ተሞክሯል። ጂኤንዩ ግሬፕ በዶስና በዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ፋይሉ ጽሑፍ መሆኑን በግምት ይለይና 13ን ይጥላት ነበር። ግምት ግን ግምት ነው። 13 ራሷን የሚፈልግ ሰውም አለ፤ ለምሳሌ እንደ እኛ ያለ፣ ብልሽቱ የት እንደሆነ የሚያስስ። የሚፈልገውን ነገር ፍለጋው ደብቆበት ምን ይጠቅመዋል?

በላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ፐርል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ። እዚያ የሚፈተሸው ጽሑፍ ብዙ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የዶላር ምልክት የጽሑፉን መጨረሻ ነው ወይስ የየመስመሩን የሚያመለክተው? ፐርል ሁለቱንም እንድንመርጥ ማዘዣ ሰጠን። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በ5.10 እትሙ «ማንኛውም የመስመር መለያ» የሚል አንድ ምልክት ጨመረ። የዩኒኮድ መመሪያ የሚቆጥራቸው መለያዎች ሰባት ነጠላ ምልክቶችና አንድ ጥንድ ናቸው፤ ጥንዱ የእኛው 13 እና 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሪፕግሬፕ የተባለው ፈጣን ፈላጊም ይህንኑ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 «13 እና 10ን አብረህ እንደ መጨረሻ ቁጠር» የሚል ማዘዣ ጨመረ። በመጀመሪያ የተሠራው በማታለያ ነበር፤ ከዶላሩ ምልክት በፊት «13 ብትኖርም ባትኖርም» የሚል ነገር በስውር ይሰካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የሚጠቀምበት የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ቤተ መጻሕፍት ራሱ ጥንዱን ማወቅ የጀመረው። ይህን ልብ በሉ፤ ለቴሌታይፕ ተብሎ የተደረገ ነገር ከ60 ዓመት በኋላም ሥራ ይፈጥራል።

በብራና ላይ የጻፉት አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ነበራቸው። የዓምዱ ጠርዝ ሲደርስ ቃሉን መሀሉ ላይ ሰብረው ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋሉ፤ ምንም ምልክት አያደርጉም። የመስመር መጨረሻ ትርጉም የለውማ! ቃል ያለቀው ሁለት ነጥብ ሲታይ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ያለቀው አራት ነጥብ ሲታይ ነው። ወሰኑ በቀለም ተጽፏል፤ ያነበበ ሁሉ ያየዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እነዚህ ነጥቦችም አብረው ገብተዋል። ለግሬፕ ግን አራት ነጥብ እንደ ማንኛውም ፊደል አንድ ፊደል ነው። እሱ የሚያከብረው ወሰን የማይታየውን ነው።

ሁልጊዜ «የለም» ስንባል «የት ፈልገህ?» ማለት ለምደናል፤ መሥሪያ ቤት ፋይላችን «የለም» ሲባል እንኳ «እባክዎ ሌላኛውን መደርደሪያ ይዩልን» እንላለን። ኮምፒውተር ሲለን ግን ወዲያው እናምናለን። የፍለጋ ፕሮግራም «የለም» ሲል «አንተ በሰጠኸኝ ትርጉም፣ እኔ መስመር ብዬ በቆጠርኩት ውስጥ የለም» ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ አይነገረንም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር፣ የመራጮች መዝገብ፣ የሕመምተኞች ካርድ፣ ሁሉም ወደ ፋይል እየገቡ ነውና «የለም» የሚለው ቃል ከአፋችን ሳይወጣ በፊት ሁለተኛ ጥያቄ ይገባዋል።

እኛ የተማርነው ሁለተኛ ጥያቄ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፋይሎቹን ከመቀጣጠላችን በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት መጨረሻ መለወጥ። ቀጥሎ መቁጠር። በ«ተከፍሏል» የሚያልቁትን ቆጥረን፣ በ«ቀሪ» የሚያልቁትን ቆጥረን ድምሩ ከጠቅላላው መስመር ጋር እኩል መሆን ነበረበት። ያን ቀን ቢቆጠር ኖሮ በሰፊው ይጎድል ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ብዙ ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው እናውቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እናታችንን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። የ13ን ነገር ልናስረዳቸው ስንጀምር ሳቁና «ታዲያ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቁኝስ?» አሉን። ይህም ሦስተኛ ጥያቄ መሆኑ ነው።

ቸር እንሰንብት።