ከ10ኛ ክፍል በኋላ፦ መንግሥት የሚሸፍነውና ለጓሳ አካባቢ ቤተሰቦች የሚቀረው ወጪ

በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር የሚተዳደረው በዋናነት በገብስና በበግ እርባታ ነው። ልጁን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ መሐል ሜዳ ሲልክ የቤት ኪራዩንና ስንቁን የሚችለው ከዚሁ ገቢ ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያውን እስከ 10ኛ ክፍል ላለው ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ግን ተማሪው ወጪ እየተጋራ እንዲማር አቅጣጫ አስቀምጧል። በዩኒቨርሲቲዎች የወጪ መጋራት ሥርዓት የተዘረጋው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ከዚያ በፊት የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች ትምህርቱንም፣ ምግቡንም፣ መኝታውንም በነፃ ያገኙ ነበር።

በሥርዓቱ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲገባ ውል ይፈርማል እንጂ በእጁ ገንዘብ እንዲያቀርብ አይገደድም። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው ይከፈላል። በመምህርነት የሚሰማሩ ግን በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራር አለ። የተማሪዎች የዕለት ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ምግብ በደንቡ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም የሚመዘገብ ወጪ በመሆኑ፣ ጭማሪው ማዕዱን ሲያሻሽል ዕዳውንም ያሳድጋል።

ሥርዓቱ ግን አንድ ክፍተት አለው። ብድሩ የሚደርሰው ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ነው፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የኪራይና የቀለብ ወጪ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት ለተወሰኑት ዕድል ከፍቷል። ቀሪዎቹ በአብዛኛው ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ያመራሉ። በእነዚህ ኮሌጆች ክፍያው ዝቅተኛ ቢሆንም ማደሪያና ምግብ ብዙ ጊዜ አይቀርብም። ከደጋው ቀበሌ ለመጣ ሠልጣኝ ከክፍያው ይልቅ የሚከብደው ኪራዩ ነው፤ ለዚያም በግ ይሸጣል።