የባራንጋሩ መልሶ ማልማት፦ የነባር ሕዝብ ቅርስ በከተማ የመሬት ገጽታ ንድፍ

ባራንጋሩ በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ፣ ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ በባሕር ዳርቻ የሚገኝ 22 ሄክታር ስፋት ያለው ስፍራ ነው። በሰሜናዊው ክፍል 6 ሄክታር የሚሸፍነው መናፈሻ አገልግሎቱን ያቆመ የጭነት ወደብ የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ቅርስ በሚያስታውስ ንድፍ መልሶ የለማበት በመሆኑ ይታወቃል። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2015 ለሕዝብ ተከፍቷል።

ታሪካዊ አመጣጥ

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ከመስፈራቸው በፊት ስፍራው በዓሣ ማጥመድ ይተዳደር የነበረው የጋዲጋል ሕዝብ ይዞታ ነበር። በኋላም ድንጋያማው አፋፍ እየተቆረጠ የመርከብ መጠጊያዎች ተሠሩበት፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ሰፊ የኮንክሪት ሜዳ ያለው የኮንቴይነር ማራገፊያ ሆነ።

ስፍራው ስያሜውን ያገኘው ከካመራይጋል ጎሳ ተወላጇ ከባራንጋሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ያረፈችው ባራንጋሩ ዓሣ አጥማጅና በወገኖቿ ዘንድ ተሰሚነት የነበራት ስትሆን፣ የሰፋሪዎቹን ልማድ አልቀበልም በማለቷም ትታወሳለች።

የንድፉ ይዘት

የመናፈሻውን ንድፍ ያዘጋጀው አሜሪካዊው የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያ ፒተር ዎከር ከአውስትራሊያ አርክቴክቶች ጋር በመተባበር ነው። ንድፉ ቀጥ ያለውን የወደብ ጠርዝ በማስቀረት፣ እ.ኤ.አ. በ1836 የነበረውን የባሕር ዳርቻ ቅርጽ መነሻ በማድረግ ኮረብታማውን አፋፍ ዳግም ፈጥሯል።

ለዳርቻው ግንባታ የዋሉት 10 ሺህ ያህል የአሸዋ ድንጋዮች ከዚያው ከስፍራው ተቆፍረው የወጡ ናቸው። አፈሩም የተፈጨ የአሸዋ ድንጋይን ከብስባሽ ጋር በመቀላቀል ተዘጋጅቷል። ከ75 ሺህ በላይ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የተተከሉ ሲሆን፣ ከ84ቱ ዝርያዎች መካከል 79ኙ የሲድኒ አካባቢ ሀገር በቀል ዕፅዋት ናቸው።

የነባሩ ሕዝብ ቋንቋም በስያሜዎች ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። ከባሕር ወሽመጦቹ አንዱ «ናዊ» ማለትም ታንኳ ሲባል፣ ሌላው «ማሪናዊ» ማለትም ትልቅ ታንኳ ተብሏል። የኋለኛው ቃል ነባሮቹ ነዋሪዎች የሰፋሪዎቹን መርከቦች የጠሩበት ነው። የአቦርጂን ተወላጆች የሆኑ አስጎብኚዎችም ስለ ዕፅዋቱና ስለ ባህሉ ለጎብኚዎች ገለጻ ይሰጣሉ።

የተነሡ ክርክሮች

ሥራው ከክርክር ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የንድፍ ውድድሩን ያሸነፈው የአውስትራሊያ ባለሙያዎች ቡድን የወደቡ ጠርዝ እንደ ታሪክ ምስክር እንዲጠበቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ በአንጻሩ የተፈጥሮ ገጽታው እንዲመለስ አጥብቀው ተሟገቱ፤ በመጨረሻም ተፈጻሚ የሆነው ይኸው ሐሳብ ነው።

በዚህም የወደብ ሠራተኞች ታሪክ ወደ ጎን ተትቷል የሚል ቅሬታ ተነሥቷል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ፈላጊዎች ከአንዱ መጠጊያ ወደ ሌላው ይመላለሱበት የነበረው መንገድ «የረሃብ ማይል» ይባል ነበር። ዛሬ የሚታየው አፋፍ ሰው ሠራሽ ሆኖ ሳለ የወደቡን ዘመን አሻራ ሸፍኗል ሲሉ የሚተቹም አሉ። በደቡባዊው ክፍል የንግድ ሕንፃዎችና ከ270 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሆቴልና የቁማር ማእከል መገንባታቸውም የሕዝብ መሬት ለማን ይዋል የሚለውን ጥያቄ አስከትሏል።

ከተሞክሮው የሚወሰድ ነጥብ

የባራንጋሩ ተሞክሮ እንደሚያመለክተው ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ ዕፅዋቱና ስያሜው ከስፍራው ሲወሰዱ ቅርሱ በሐውልት ብቻ ሳይወሰን የከተማው የዕለት ኑሮ አካል ይሆናል። ይሁንና አንድ ስፍራ ብዙ ዘመናት የተነባበሩበት በመሆኑ አንዱን ዘመን ማጉላት ሌላውን መሸፈን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው ታሪክ ተጠብቆ የትኛው እንደሚለወጥ ከባለ ታሪኮቹ ጋር በግልጽ መመከር ያለበት ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ ምክክር የጠፋውን አይመልስምና።