ቁልቋል በር (የጦር ሜዳና ሙታኑ)

ቁልቋል በር ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ የተራራ ማለፊያ ነው። በ1933 ክረምትና በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ከእንግሊዝ ጦርና ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ተዋግቶበታል።

ስም

«በር» በደጋው አገር አጠራር በሁለት ከፍታ መካከል ያለ መተላለፊያ ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከቁልቋል ዛፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤቱ ፈርቃ በርም ያው «በር» አለበት። ጣሊያኖች «ኩልኳልበር»፣ እንግሊዞች ደግሞ «ኩልካበር» ብለው ስለጻፉት፣ የሁለቱን ወገን መጻሕፍት አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ስለ አንድ ቦታ እንደሚናገሩ ልብ ማለት ይኖርበታል።

ውጊያው

ደብረ ታቦርን ይዞ የነበረው የጣሊያን ጦር ሰኔ 29 ቀን 1933 እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ የጎንደር የደቡብ መከላከያ ቁልቋል በር ሆነ። አዛዡ ኮሎኔል አውጉስቶ ኡጎሊኒ ሲሆን፣ በሥሩ ካራቢኒየሪ (የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ)፣ ጥቁር ሸሚዞች (የፋሽስት ሚሊሻ) እና አስካሪዎች (በጣሊያን ሥር ያገለገሉ አፍሪካውያን ወታደሮች) ተሰልፈው ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1934 የተሰነዘረው ጥቃት አልተሳካም። ኅዳር 12 ምሽጉ ወደቀ፤ ኅዳር 18 ደግሞ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ።

ሙታኑ

በጣሊያን በኩል የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር 1,003 ነው፤ 513 ጣሊያናውያን፣ 490 አስካሪዎች። ቁጥሩ የአንድ ቀን ሳይሆን የከበባው ዘመን ሁሉ ይመስላል። የወደቁት አርበኞች ከዚህ ውጭ ናቸው። ከእንግሊዝ ጋር የመጣው እግረኛም በአብዛኛው ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የተመለመለ ነበር። በዚህ ሂሳብ ሦስቱ ወገን ሲደመር ለሞት የቀረበው ሰው በብዛት አፍሪካዊ ነው።

ከካራቢኒየሪ መኮንኖች ሻለቃ አልፍሬዶ ሴራንቲ በመጨረሻው ቀን ወድቆ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ከአስካሪዎቹ መካከል ግን ተለይቶ በስሙ የሚታወቀው በተለይ አንድ ሰው ነው። ጣሊያኖች «ኡናቱ ኤንዲሻው» ብለው የጻፉት ሙንታዝ (የአስር አለቃ አቻ) ሲሆን፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ውነቱ እንዳሻው» ሳይሆን አይቀርም። ጦሩ ደብረ ታቦር ላይ እጅ ሲሰጥ ይህ ሰው አልሰጠም። የሻለቃ ጦሩን ትንሽ ሰንደቅ ይዞ የጠላትን መስመር ሰንጥቆ ወደ ቁልቋል በር ሄደ፤ ምሽጉ አጠገብ ፈንጂ ረገጠ። ሰንደቁን ለጣሊያኖቹ አስረክቦ ሞተ። ሰንደቁ የጣሊያን፣ ተሸካሚው ሐበሻ መሆኑ ታሪኩን ለአገሩ ሰው ከባድ ያደርገዋል፤ አርበኞች «ባንዳ» ይሉት የነበረውን ሰው ሮም በወርቅ ሜዳሊያ አክብራዋለች። ይህ ሜዳሊያ ለአገር ተወላጅ ወታደር የተሰጠው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ስሙ ከሌሎቹ አስካሪዎች ተለይቶ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መቃብር

ለወታደር ተለይቶ የሚከለል፣ መስቀሉና ድንጋዩ በረድፍ የሚቆም መካነ መቃብር በደቡብ ጎንደር ልማድ የለም። ኦርቶዶክሳዊ ዘማች አስከሬኑ ከተገኘ የሚቀበረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከገበሬው ጎን ነው። ለጦር ሰው የተለየ ስፍራ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ይታያል፦ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርበኞችና የኮርያ ዘማቾች አርፈዋል፤ የኮመንዌልዝ ወታደሮችም በከተማዋ የራሳቸው መቃብር አላቸው፤ ድንጋዩም ማዕረግ፣ ስምና ቀን ይዟል።

መታሰቢያ

በ1942 ዓ.ም. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዩስ 12ኛ «ታማኟን ድንግል» የካራቢኒየሪ ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ፣ በዓሏ የቁልቋል በር ምሽግ በወደቀበት ቀን እንዲውል ተደረገ። ጣሊያን ውስጥ ካራቢኒየሪ ቀኑን በየዓመቱ ያከብሩታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያው ቀን በአብዛኛው ኅዳር 12 ነው፤ በአካባቢው አድባራት የሚከበረው በኅዳር ሚካኤልነቱ ነው።