በላክነው ብር የተገዛ መኪና ላይ ተጨማሪ መብራት ሲገጠም፦ የፋብሪካውን የዳሽቦርድ ማብሪያ ሳያቃጥሉ መጠቀም

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን እዚህ ዐረብ አገር ሠርተን ባጠራቀምነው ብር አገር ቤት መኪና ገዝተናል፤ ወይ ለወንድም፣ ወይ ለባል፣ ወይ ለአባት። መኪናው ከተገዛ በኋላም "ይሄ ጎደለው፣ ያ ይጨመርለት" እየተባለ ብር መላኩ አያቆምም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእነዚህ ጭማሪዎች ስለ አንዱ ነው። መኪናው ላይ ተጨማሪ መብራት ሲገጠም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ማብሪያ ለአዲሱ መብራት ስለ መጠቀም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በትክክል ካልተሠራ ግን መኪና ያቃጥላል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ይህን እንድማር ያደረገኝ የራሴ ሚኒባስ ነው። ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ይሠራበታል። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ከወረደ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። "ሁለት የጭጋግ መብራት ላስገጥም" አለኝ፤ ላክሁለት። የገጠመው ልጅ ዳሽቦርዱ ላይ ሥራ ያልነበረው የፋብሪካ ማብሪያ አገኘ። ከባትሪ የመጣውን ሽቦ በቀጥታ በእሱ ውስጥ አሳልፎ ወደ መብራቶቹ ወሰደው። በራ፤ ሁሉም ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ጭኖ ሲወርድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ዳር ይዞ ሰዎቹን አስወረደ። ሲያየው ማብሪያው ቀልጦ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣብቋል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ግን እኮ የአምስት ዓመት ልፋቴ ከነተሳፋሪው ሊቃጠል ነበር።

የምሠራበት ቤት ሹፌር በአገሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የቀለጠውን ፎቶ ሳሳየው ወረቀት አውጥቶ እየሳለ አስረዳኝ። እኔም ለወንድሜ በድምፅ ላክሁለት፣ እንደገና አሠራው። የተማርኩትን እነሆ።

የፋብሪካ ማብሪያ ለምን ይመረጣል?

ብዙ መኪናዎች፣ በተለይ ቶዮታዎች፣ ዳሽቦርዳቸው ላይ ባዶ የፕላስቲክ ክዳን አላቸው። ያ ቦታ በውዱ ሞዴል ላይ ማብሪያ የሚገባበት ነው፤ በርካሹ ግን ተከድኖ ይመጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ማብሪያው አለ፣ የሚያበራው ነገር ግን የለም። በዚህ ቦታ የፋብሪካ ማብሪያ መጠቀም ጥሩ ነው። ዳሽቦርድ አይበሳም፣ ልክ ይገባል፣ ማታ ራሱ በራሱ መብራት ይታያል፣ መኪናው ሲሸጥም አያስቀይምም። ማብሪያ ከሌለው ያገለገለውን ሶማሌ ተራ ፈልጎ መግዛት ይቻላል። ስለዚህ ወንድሜ ማብሪያውን መጠቀሙ አልነበረም ጥፋቱ፤ ያሸከመው ነገር ነው።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። መብራት ስንት አምፔር እንደሚስብ ለማወቅ ዋቱን ለ12 ማካፈል ነው። የተለመደው የጭጋግ አምፖል 55 ዋት ነው። ሁለት ሲሆን 110 ዋት፤ 110 ለ12 ሲካፈል 9.2 አምፔር ገደማ ይሆናል።

የዳሽቦርድ ማብሪያ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ለትንሽ አምፔር ነው። ውስጡ ያለው መገናኛ ትንሽ ነው። ብዙ ከተላለፈበት ይግላል፣ ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መገናኛው ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ይብስ ይግላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ የሚቀልጠው። "ይኸው በርቷል" ማለት በትክክል ተሠርቷል ማለት አይደለም።

መፍትሔው ሪሌ የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው። እኔ የገባኝ በእኛው ኑሮ ነው። ማዳም ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ "ምንጣፉን አንሺ" ትላለች፤ የሚያነሳው ግን የኛ ወገብ ነው። ማብሪያው ማዳም ነው፣ ሪሌው እኛ ነን። ማብሪያው ትዕዛዝ ብቻ ይስጥ፣ ከባዱን ሪሌው ይሸከም። ትዕዛዙ የሚወስደው 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም። የመኪና ሪሌ ደግሞ 30 ወይም 40 አምፔር ይችላል።

የሪሌው ቁጥሮች

ሪሌው ከሥሩ ቁጥር ተጽፎበታል። እነዚህን ማወቅ ከበቂ በላይ ነው፦

30 – ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ በፊውዝ በኩል የሚመጣው ወፍራም ሽቦ።
87 – ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ።
86 – ከዳሽቦርዱ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን የትዕዛዝ ሽቦ።
85 – ወደ ቦዲ፣ ማለትም ወደ ነጌቲቭ።
87ኤ – አንዳንዱ ሪሌ ላይ መሃል ይገኛል። ማብሪያው ሲጠፋ ነው የሚገናኘው፤ ለዚህ ሥራ ባዶውን ይተዋል። በስህተት መብራቱ እዚህ ላይ ከታሰረ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ሲጠፋ ይበራል።

መጀመሪያ ማብሪያውን መመርመር

ማብሪያው ከጀርባው ብዙ እግር ሊኖረው ይችላል፤ በግምት አይታሰርም። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ላይ አድርጎ ሁለት ሁለቱን እግር መንካት ነው። ማብሪያው ሲበራ የሚጮኹት፣ ሲጠፋ ዝም የሚሉት ሁለቱ እግሮች ዋናዎቹ ናቸው። የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የማብሪያው የራሱ ትንሽ መብራት ናቸው።

ሌላ መታየት ያለበት፦ ተጭነነው ሲለቁት እዚያው የሚቆም ነው ወይስ ተመልሶ የሚወጣ? የኋላ መስታወት ማሞቂያ ቁልፍ ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለው በተራ ሪሌ አይሠራም፤ ጣት ሲነሳ መብራቱ ይጠፋል። የሚቆመውን ዓይነት መምረጥ ነው።

መኪናው አዲስ ከሆነ ጥንቃቄ ይጨምራል። በአዳዲስ መኪናዎች ብዙው ማብሪያ ለኮምፒውተሩ ምልክት ብቻ ነው የሚልከው። ሥራ ላይ ያለን ማብሪያ ሽቦ ቆርጦ ሌላ ማሰር ኮምፒውተሩን ሊያበላሽ ይችላል፤ ጥገናው ደግሞ ውድ ነው። ሥራ የሌለው ማብሪያ ወይም ባዶው ቦታ ላይ የገባ ብቻ ይሁን።

አገጣጠሙ በተራ

1. ከሁሉ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ።

2. ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ ይወጣል። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይገባበታል። ፊውዙ ሩቅ ከሆነ ከባትሪ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፤ ከብረት ጋር ከተነካካ ይነዳል። ለ110 ዋት 15 አምፔር ፊውዝ፣ ሽቦውም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። 15 አምፔር ፊውዝ ሰማያዊ ነው፤ በፎቶ ለማየት ይህን ያዙ። 10 ቀይ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ ነው።

3. ከፊውዙ ወደ ሪሌው 30፤ ከ87 ወደ ሁለቱ መብራቶች። የመብራቶቹ ሌላኛው ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት በወጣበት የቦዲ ቦታ በብሎን ይታሰራል። ቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ መብራቱን ያደክመዋል።

4. ለማብሪያው የሚገባው መብራት ቁልፉ ሲዞር ብቻ ከሚሠራ ፊውዝ ይወሰድ። ሁልጊዜ ከሚሠራው ከተወሰደ ሹፌሩ ረስቶት ሊያድር ይችላል። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ 9 አምፔር ሲሳብበት አምስት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው፤ ጠዋት መኪናው አይነሳም።

5. ከማብሪያው ወጥቶ ወደ 86፤ ከ85 ወደ ቦዲ።

6. ሽቦ ከውስጥ ወደ ሞተር ክፍል ሲያልፍ የብረቱ ቀዳዳ ጎማ ይኑረው። የብረት ጠርዝ በንዝረት ሽቦውን ይቆርጠዋል። መጋጠሚያዎቹም በትክክል ተጨምቀው ይሸፈኑ፤ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ በሙቀት ይላቀቃል።

7. በመጨረሻ 20 ደቂቃ አብርቶ መዳሰስ። ሪሌው ትንሽ ለብ ቢል ችግር የለውም። ማብሪያው ወይም ሽቦው የሚግል ከሆነ ግን አልተስተካከለም።

መብራቱ ኤል ኢ ዲ ከሆነ የሚስበው በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ባለ 18 ዋት 3 አምፔር ብቻ ይወስዳሉ። ያኔ ፊውዙም ይቀንሳል፤ 5 አምፔር ይበቃል። ሪሌው ግን ይቅር አይባልም።

ፈጽሞ የማይነኩ

ቢጫ ልባስ ያላቸው ሽቦዎች ብዙ ጊዜ የኤርባግ ናቸው፤ ከነሱ ምንም አይወሰድም፣ በቴስተርም አይነኩም። አራቱንም ፍሬቻ የሚያበራው የአደጋ ማብሪያ ለሌላ ሥራ አይዋልም። የፍሬን ነገርም እንደዚያው። ደግሞ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በትልቅ መተካት የለም። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦውን ሊያድን ነው፤ በትልቅ ከተተካ በእሱ ፋንታ ሽቦው ይነዳል።

ቀሪውን ብር ከመላካችሁ በፊት

እኛ ሩቅ ነን፣ መኪናውን አናየውም። ስልክ ግን አለ። እኔ አሁን ሙሉውን አስቀድሜ አልልክም። እነዚህን በፎቶና በቪዲዮ እጠይቃለሁ፦

– ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ፣ ቀለሙ በሚታይበት ሁኔታ።
– ሪሌው፣ ቁጥሮቹና የገቡት ሽቦዎች።
– ሽቦው በብረቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ጎማው እንዳለው።
– ቁልፉ ወጥቶ ማብሪያው ሲበራ መብራቱ እንደማይሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ።

"ሪሌ አያስፈልገውም፣ ማብሪያው ይችላል" የሚል ባለሙያ ከመጣ "ስንት አምፔር ይችላል? የት ተጽፏል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ይፈለግ። ሪሌና ፊውዝ ከመብራቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው፤ በነሱ ላይ አትቆጥቡ። ወንድሜ መጀመሪያ "አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። የቀለጠውን ማብሪያ አስታወስኩት፣ ዝም አለ። አሁን ሳልጠይቀው ፎቶ ይልካል።

የቃጠሎ ሽታ ከመጣ

ይህን ለምትወዱት ሹፌር ሁሉ ንገሩት። ማብሪያውን ማጥፋት፣ ዳር ይዞ ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ሰው ሁሉ ወርዶ እንዲርቅ ማድረግ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ የሚወጣ ከሆነ ኮፈኑን ቦግ አድርጎ መክፈት አይገባም፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይነሳል። ውኃ ሳይሆን የዱቄት ማጥፊያ ነው የሚረጨው። ዱቄት ማጥፊያ በየመኪናው ይኑር። መኪና ሌላ ይገዛል፤ ሰው አይገዛም።

ስንት ሌሊት ቆመን ያደርንበት ብር ነውና መጠየቅ አትፈሩ። መጠየቅ አለማመን አይደለም። ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።